ፈሪ ልጅ ጀግና የሚሆንበት ተረት እንዴት ይጻፋል

እኛ ቤት «ደፋር» ስድብ ነበር። እናቴ «አንቺ ደፋር!» ካለች ትልቅ ሰው ሲያወራ መሃል ገብቻለሁ ወይ እንግዳ ፊት የማይጠየቅ ነገር ጠይቄያለሁ ማለት ነው፣ ያው ቃል ግን ስለ አርበኛ ሲወራ ሙገሳ ይሆናል። ለልጆች በአማርኛ ተረት መጻፍ ስጀምር ነው ይሄ ነገር ምን ያህል እንደሚያስቸግር የገባኝ፣ ደፋር ልጅ ልጽፍ ስል እጄ ወይ ባለጌ ልጅ ይጽፋል ወይ ትንሽዬ አርበኛ፣ ጎራዴ የታጠቀ፣ የሚፎክር፣ ምንም የማይፈራ። ሁለቱም ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚያዳምጠኝን ልጅ አይመስሉም። ያ ልጅ ማታ ሽንት ቤት ብቻውን መሄድ የሚፈራ ልጅ ነው።

ይሄን የምጽፈው ለልጆች ፋንታሲ ለመጻፍ ላሰባችሁ፣ ወይ ደግሞ ማታ ማታ ከጭንቅላታችሁ እየፈጠራችሁ ለምትተርቱ እናትና አባቶች ነው። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ ከሱ ምንም የማይጠበቅ ልጅ፣ ፍርሃቱ ሳይለቀው፣ የሚያስፈራውን ነገር እንዴት እንደሚያደርገው ማሳየት። «ሳይለቀው» የምትለዋን አስምሩባት፣ ከታች የምለው በሙሉ ከሷ ነው የሚወጣው።

ከጭራቁ አትጀምሩ

ብዙ ሰው፣ እኔም ለረጅም ጊዜ፣ ከጭራቁ ነው የሚጀምረው። ስንት ራስ አለው፣ ምን ይበላል፣ የት ዋሻ ውስጥ ይኖራል፣ ከዛ እሱን የሚገድል ልጅ ይፈለጋል። መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ልጁ ምን እንደሚፈራ እወቁ፣ ጭራቁ ከዛ ፍርሃት ይወለዳል። «ጨለማ ይፈራል» ደግሞ አይበቃም፣ ጨለማማ ሁሉም ልጅ ይፈራል፣ የትኛውን ጨለማ? አልጋ ስር ያለውን ነው፣ መብራት ሲጠፋ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ነው፣ ወይስ አባቱ ሲያመሽ በሩ እስኪንኳኳ ድረስ ያለውን? እነዚህ ሦስት የተለያዩ ተረቶች ናቸው።

እኔ አሁን እየሠራሁት ያለው ተረት ከእህቴ ልጅ ነው የመጣው። ልጁ ያደገው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራልም። አንድ ክረምት አዲስ አበባ መጥቶ ምሳ ላይ «ውሃ ተታሁ» አለ፣ ጠጣሁ ለማለት፣ «ጠ» አልወጣችለትም። የአጎቱ ልጆች ሳቁ። በክፋት አይደለም፣ ልጆች ናቸው፣ ግን ከዛች ምሳ በኋላ እስኪሄድ ድረስ የፈለገውን ነገር በእናቱ ጆሮ ነበር የሚያንሾካሹከው፣ ውሃ እንኳን ሲፈልግ እናቱን ጎተት አድርጎ በጆሮዋ። ስምንት ዓመቱ ነው። ጅብ አይፈራም ነበር እኮ፣ ውሻም አይፈራም፣ የራሱን ድምፅ ነው የፈራው።

እንደዚህ ዓይነት ፍርሃት ስታገኙ ወዲያው ጻፉት፣ በስልካችሁ ኖት ላይም ቢሆን፣ ምክንያቱም ትልቅ ሰው ስትሆኑ ትንሽ ይመስላችሁና ይረሳል። ልጁን እንዳለ ገልብጣችሁ ተረቱ ውስጥ አትክተቱት ግን፣ ያውቅባችኋል፣ ያፍራል። ፍርሃቱን ብቻ ውሰዱና ሌላ ቦታ፣ ሌላ ልጅ ላይ ትከሉት። እኔ ሴት ልጅ አደረግኳት፣ ጥሩዬ አልኳት፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ መንዝ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር የበግ እረኛ።

ፋንታሲውን ከቋንቋው አውጡት

መንዝን የመረጥኩት በምክንያት ነው። አማርኛ የገደል ማሚቶ የሚል ቃል አለው አይደል፣ ማሚቶ የሰው ስም መሆኑን ሳናስብ ስንት ጊዜ ብለነዋል። ገደል ውስጥ ማሚቶ የምትባል አንዲት ሴት ትኖራለች ማለት እኮ ነው! ቋንቋው ግማሹን ሥራ ሠርቶ አስቀምጦልናል። ቀስተ ደመናውን የማርያም መቀነት፣ እንጉዳዩን የጅብ ጥላ የሚል ሕዝብ ልጆች ሆነን የሌላ አገር ቤተ መንግሥትና የሌላ አገር ጠንቋይ መዋስ አያስፈልገንም፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። የድሮዎቹ አያ ጅቦና እመት ጦጢትም አሉ፣ ግን እነሱን ብቻ እያዞርን መኖር የለብንም፣ አዲስ ፍጡር ከአሮጌ ቃል ውስጥ ሊወጣ ይችላል።

ታዲያ ጥሩዬ አንድ ቀን በጎቿን ለመጥራት አፋፉ ላይ ቆማ ጮኸች፣ ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰነጠቀ፣ የገደል ማሚቶም የተሰነጠቀውን ድምፅ እንዳለ መለሰችላት፣ እረኞቹ ሁሉ ሰምተው ሳቁ። ከዛን ቀን ጀምሮ ጥሩዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፣ በጎቿን እንኳን በጠጠር ነው የምትመልሰው። በዛው ዓመት ደግሞ ማሚቶ መመለስ አቆመች። ገደሉ ላይ የጮኸ ሰው ድምፁ እዛው ይቀራል፣ ቤቱ የሚገባው ዲዳ ሆኖ ነው። መጀመሪያ እረኞቹ፣ ከዛ እነሱን ፍለጋ የሄዱት፣ ከዛ መንደሩ በሙሉ።

ጭራቁ (ማሚቶ ጭራቅ ከተባለች) በቀጥታ የልጅቷ ፍርሃት ላይ እንደተቀመጠች ልብ በሉ። ያፈረችበት ቦታ ራሱ ነው ሄዳ መቆም ያለባት።

ቦታው ደግሞ ቦታ ይሁን፣ «በአንድ ሩቅ አገር» ብሎ ማለፍ ልጁ የሚይዘው ነገር ያሳጣዋል። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ቦታ ነው፣ ብርድ ነው፣ ከቆላው የሚነሳው ጉም ገደሉን ይሞላዋል፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ከጉሙ ውስጥ ሰው የቆመ ይመስላል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቀን ሜዳው ላይ ሳር ሲነጩ ይውሉና ሲመሽ ገደሉን ወርደው ግድግዳው ላይ ባሉ ጠባብ ደረጃዎች ላይ ያድራሉ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ መልሰው ይወጣሉ። ይሄን ሳውቅ የተረቱ መንገድ ተገኘ፣ ወደ ማሚቶ የሚወስደው መንገድ ጭላዳዎቹ የሚያድሩበት ደረጃ ነው። እኔ መፍጠር አላስፈለገኝም፣ ተፈጥሮ ሠርታዋለች።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»

ይሄ ተረትና ምሳሌ ለኛ ትልቅ ሀብት ነው። ከሱ ምንም የማይጠበቅ ጀግና የምንለው እኮ ይሄ አባባል የተባለበት ልጅ ነው። ግን መንደሩን ክፉ አታድርጉት። ትልልቆቹ ልጅቷን የሚንቋት ስለሚጠሏት ከሆነ ተረቱ ቀላል ይሆንና ልጁ የሚማረው ቂም ነው። የሚወዷት ሰዎች ናቸው የማይጠብቁባት፣ ይሄ ነው የሚያመውም የሚያሳምነውም። ጥሩዬን አጎቷ «አንቺ እቤት ሁኚ የኔ እናት» ይላታል፣ ከልቡ ነው፣ ብርድ እንዳይመታት ነው።

እናትን መግደልም አያስፈልግም። ብዙ ተረት ልጁን ብቻውን ለማስቀረት እናቱን ገድሎ የእንጀራ እናት ያመጣል። እኔ የጥሩዬን እናት አልገደልኩም፣ ድምፅዋ ተወስዷል። ስለዚህ ልጇ ለሊት ተነስታ ስትወጣ ሂጂም ማለት አትችልም፣ አትሂጂም ማለት አትችልም፣ ባናውን፣ ወፍራሙን የሱፍ ልብስ፣ አምጥታ ትከሻዋ ላይ ትጥልላትና ጫፉን ይዛ ትቆያለች፣ ከዛ ትለቀዋለች። ይሄን ትዕይንት ስጽፍ አልቅሻለሁ፣ እና ከተረቱ ውስጥ አንድ ገጽ ብቻ አስቀሪ ብባል እሱን ነው የማስቀረው።

ትልልቆቹ ውስጥ አንድ ጀግና አዛውንትም አለ፣ ፎክሮ፣ ሸልሎ፣ በጠራራ ፀሐይ ሄዶ ገደሉ ላይ «እኔ ነኝ!» ብሎ የጮኸ፣ እንግዲህ የሱም ድምፅ ተወሰደ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ ሰውየውን ማላገጫ ማድረግ ያምራችኋል። አታድርጉት። እሱም ቀድሞ የሄደ ሰው ነው፣ ድፍረቱ እውነት ነው፣ ብቻ ለዚህ ነገር የሚሆን ድፍረት አይደለም። ፉከራ የራሱ ቦታ አለው፣ ሕዝብ ፊት ነው የሚደረገው፣ ልጅ ግን አብዛኛውን ድፍረቱን የሚያደርገው ማንም ሳያየው ነው። ስለዚህ ልጅቷ አፍ ውስጥ ፉከራ አትጨምሩ፣ «አልፈራሽም!» አታስብሏት። ፈርታለች።

አንድ ጊዜ መውደቅ አለባት

ይሄን ክፍል ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ልጅቷ ትወስናለች፣ ትሄዳለች፣ ታሸንፋለች። አይሆንም፣ መጀመሪያ ሄዳ መመለስ አለባት። ጥሩዬ የመጀመሪያው ለሊት አፋፉ ድረስ ሄዳ፣ ጭላዳ ሲያስነጥስ ሰምታ ሮጣ ቤቷ ገብታለች። ሁለተኛው ቀን በጠዋት እናቷ ጫማዋ ላይ ጭቃ ታያለች፣ ትነካዋለች፣ ምንም አታደርግም። የሚያዳምጠው ልጅ ያን ጊዜ «እኔም እንደዛ ነበር የማደርገው» ይልና ከሷ ጋር ይሆናል። ያልወደቀች ጀግና ጋር ልጅ አይሆንም፣ ከሩቅ ያደንቃታል ብቻ።

ከዛ በኋላ ደረጃ በደረጃ ነው። ስለ እንጀራ እናቲቱና ስለ አንበሳው ጸጉር የሚተረተውን ታውቁታላችሁ፣ የእንጀራ ልጇ አልወዳት ብሎ አዋቂ ዘንድ ስትሄድ የአንበሳ ጸጉር አምጪ ይላታል፣ እሷም ሥጋ ይዛ ሄዳ አንድ ቀን ከሩቅ ትጥልለታለች፣ በነጋታው ትንሽ ቀረብ፣ ከዛም ቀረብ፣ እስክትነካው ድረስ። ይሄ ተረት ስለ ትዕግሥት ነው ይባላል፣ ለኔ ግን ስለ ድፍረት አሠራር ከሱ የተሻለ ትምህርት የለም፣ የሚያስፈራው ነገር ሳይቀንስ ርቀቱ ብቻ ነው የሚቀንሰው። አንበሳው እስከ መጨረሻው አንበሳ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውም እዚህ ነው የሚመጣው። ስትጽፉ ቢያንስ ሦስት ርቀት አስቡ፣ ከሩቅ ማየት፣ ቀርቦ መመለስ፣ ከዛ መንካት፣ በያንዳንዱ ላይም ልጅቷ የምታየው አዲስ ነገር ይኑር፣ ያለዚያ ድግግሞሽ ይሆናል።

ፍርሃቱን በሰውነቷ ጻፉት

ስለ ፍርሃት አማርኛ ሀብታም ነው፣ ጉልበቷ ተብረከረከ፣ ምላሷ ተሳሰረ፣ ሐሞቷ ፈሰሰ፣ ልቧ ድው ድው አለ። ሁሉም ያምራሉ፣ ሁሉንም በአንድ ገጽ መጠቀም ግን አንዱንም አለመጠቀም ነው። በተረቱ በሙሉ አንድ ወይ ሁለት ጊዜ ብቻ በሏቸው፣ የቀረውን እጅና እግር ይናገር። ሰው ሲፈራ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ይቀዘቅዛል። ልጆች ይሄን ያውቁታል፣ ስሙን ነው የማያውቁት፣ ስለዚህ አፏ ደረቀ ስትሉ «እኔም!» ይላሉ። ሽንቷን ወጠራት ብትሉ ደግሞ ይስቃሉ፣ ሳቁም እውነት ስለሆነ ነው።

ከተረቱ ይቺን ልስጣችሁ፣ ሦስተኛው ለሊት ነው፦

«ጥሩዬ በሆዷ ተኝታ ከአፋፉ ወደ ታች አየች። ጉሙ እንደ እርጎ ረግቷል። ከስር ጭላዳዎቹ ተቃቅፈው ተኝተዋል፣ አንዷ ግልገሏን እንደታቀፈች አንድ ዓይኗን ገልጣ አየቻትና መልሳ ጨፈነች። ጥሩዬ ኪሷ ውስጥ ያለውን ቆሎ ቆጠረች። ሰባት ፍሬ። እንደገና ቆጠረችው። ሰባት። እየቆጠረች ከሆነ መውረድ የለባትም፣ ስለዚህ አሁንም ቆጠረችው። ሰባት። ከዛ አንዷን አፏ ውስጥ ከተተቻት፣ አፏ ደርቆ ማኘክ አቃታት፣ እንዳለች ዋጠቻት። ስድስት ሲቀር ግራ እግሯን ወደ ታች ላከችው።»

ፈራች የሚል ቃል የለም፣ ደፋር የሚልም የለም። ቆሎው ነው ሥራውን የሚሠራው። እዚህ ክፍል ላይ በጣም ለፍቻለሁ፣ መጀመሪያ «በድፍረት ወረደች» ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ለእህቴ ልጅ በቪዲዮ ሳነብለት ምንም አልመሰለውም፣ ቆሎውን ካስገባሁ በኋላ ግን ኪሱን ዳሰሰ። እናንተም እንዲህ አድርጉ፣ «በድፍረት» የሚለውን ቃል ከድራፍታችሁ ፈልጋችሁ አውጡና በቦታው ልጁ እጁ ላይ ያለ አንድ ነገር አስገቡ፣ ድንጋይ፣ ቁልፍ፣ የተቀደደ ኪስ፣ ምንም ይሁን።

አስማቱ ፍርሃቱን አይንካው

ፋንታሲ ስለሆነ አስማት መኖሩ አይቀርም። ግን ሽማግሌ መጥቶ ክታብ ሰጣት፣ ክታቡን ስታስር ፍርሃቷ ጠፋ ካላችሁ ድፍረቱ የክታቡ ነው፣ የሷ አይደለም። የሚያዳምጠው ልጅ ደግሞ ክታብ የለውም፣ ነገ ክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት ምን ይረዳዋል? የምትሰጧት ነገር ካለ መንገዱን የሚያሳያት እንጂ ፍርሃቷን የሚወስድላት አይሁን። የአስማቱም ሕግ ጠንካራና አጭር ይሁን፣ ልጅ በአንድ አረፍተ ነገር ሊደግመው የሚችል፦ ገደሉ ላይ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሁሉ ድምፁ ይወሰዳል። በቃ። ከዛ በኋላ ደራሲዋም ብትሆን ሕጉን ማፍረስ አትችልም፣ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ወዲያው ይይዛችኋል።

ደካማዋ ልጅ ታዲያ በምን ታሸንፋለች? በጉልበት አይሆንም። ስለ አርዌ የሚነገረውን አፈ ታሪክ አስታውሱ፣ ሕዝቡን ሲያስገብር የኖረውን ዘንዶ በአንዱ አነጋገር አንጋቦ የገደለው መርዝ ያበላትን ፍየል አቅርቦለት ነው። ዘንዶው የለመደውን ግብር ነው ሰውየው የተጠቀመበት፣ ጠላቱን ቀድሞ አይቶታል፣ አጥንቶታል። ጥሩዬም ዝም ብላ ስለኖረች የምታውቀው ነገር አላት፣ ለወራት አፋፉ ላይ ተቀምጣ ሌሎች ሲጮሁ ሰምታለች፣ አንድም ሰው ማሚቶን ጠይቋት እንደማያውቅ ያስተዋለችው እሷ ብቻ ናት። ሁሉም የራሱን ስም ይጮህባታል። ስለዚህ ጥሩዬ ደረጃው ላይ ደርሳ በሹክሹክታ «አንቺስ ስምሽን ማን አወጣልሽ?» ትላታለች፣ ሹክሹክታ ደግሞ ገደል አይመልሰውም፣ ሕጉም አይነካውም። ማሚቶ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቃል ስትመልስ የኖረች ናት፣ የራሷ የሆነ አንድ ቃል የላትም፣ ድምፆቹን የሰበሰበችውም ከመሃላቸው የራሷን ትፈልግ ስለነበር ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ተረት ያልቃል። ድክመቷ ጥንካሬ ሆነ፣ ዝምታዋ አዳናት፣ እልል! እኔም መጀመሪያ እዚህ ነበር የጨረስኩት፣ ግን የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። ጥሩዬ የምትፈራውን ነገር አላደረገችም እኮ፣ መጮህ ነበር የምትፈራው፣ ተረቱ እንዳትጮህ መንገድ ጠረገላት። ለዓይናፋር ልጅ «ዓይናፋርነትህ ያድንሃል» ብሎ መንገር ደስ ይላል፣ ግን ያው ጆሮ ላይ ሲያንሾካሹክ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ማሚቶ ድምፆቹን ትለቃለች፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ድምፅ ወደ ባለቤቱ የሚመለሰው አንድ ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ የባለቤቱን ስም ሲጠራ ነው፣ መንደሩ በሙሉ ዲዳ ነው፣ መጥራት የምትችለው ጥሩዬ ብቻ ናት፣ ሁሉም ደግሞ ተሰልፎ ያያታል።

ትጠራለች። ሦስተኛው ስም ላይ ድምፅዋ ይሰነጠቃል፣ ያው እንደ ድሮው። ድምፁ የተመለሰለት አንድ እረኛ ልጅ ይስቃል። ትሰማዋለች። አራተኛውን ስም ትጠራለች።

ያን ሳቅ አታውጡት ያለኝ የለም፣ እንዲያውም አንድ ያነበበልኝ ሰው አውጪው፣ ልጆች ያዝናሉ ብሎኛል። እኔ ግን አላወጣውም። ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚስቅበት ልጅ አለ፣ ተረቱ ውስጥ ሳቁ ጠፍቶ ክፍል ውስጥ ሲያገኘው ዋሸችኝ ይለኛል።

ዋጋ ይኑረው

ድፍረት ምንም ካላስከፈለ ጨዋታ ነው። ለልጅ ስትጽፉ ዋጋው ሞት መሆን የለበትም፣ ልጅ የሚገባው ዓይነት ማጣት ይሁን፣ የሚወዳት በግ፣ የተሰጠው ቃል፣ ከአያቱ የቀረች ነገር። ጥሩዬን የሞተች አያቷ ብቻ የምትጠራት አንድ የቁልምጫ ስም ነበራት፣ ከሷ በቀር በዓለም ላይ ማንም የማያውቀው። ማሚቶ የራሷ ቃል ስትጠይቃት ያን ነው የምትሰጣት። ከዛ በኋላ ጥሩዬ ስሙን ማስታወስ አትችልም፣ ንፋስ ሲነሳ ግን ገደሉ ራሱን በራሱ ይጠራል። ስሙን ተረቱ ውስጥ አልጻፍኩትም፣ ሆን ብዬ ነው፣ የሚያዳምጠው ልጅ ራሱ የሚጠራበትን የቁልምጫ ስም እዛ ቦታ ያስገባዋል። የእህቴ ልጅ ወዲያው ነው ያስገባው፣ ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

የማስፈራቱ ልክ

ለአራትና አምስት ዓመት ልጅ የሚያስፈራው ነገር ባይታይ ይሻላል፣ ድምፁ ብቻ ይሰማ፣ እሱም ባጭሩ። ከሰባት ዓመት በላይ ሲሆኑ በደንብ መፈራት ይፈልጋሉ፣ ግን አጠገባቸው የሚሞቅ ነገር ይኑር፣ ባናው፣ ጭላዳዋ ግልገሏን ታቅፋ፣ ቆሎው። ማታ የምትተርቱ ከሆነ ልጅቷን ገደል ላይ አንጠልጥላችሁ «ነገ እንቀጥላለን» አትበሉ፣ ቀን ከሆነ ይቻላል፣ ለሊት ግን ልጁ ብቻውን ነው እዛ ገደል ላይ የሚያድረው። የሚያስፈራው ክፍል በተጀመረበት ማታ ይለቅ። ሌላው፣ በተረታችሁ ያመጣችሁትን ፍጡር ቀን ለማስፈራሪያ አትጠቀሙበት፣ «ካልበላህ ማሚቶ ትወስድሃለች» ካላችሁ የሠራችሁትን ሁሉ በአንድ ጉርሻ አፈረሳችሁት።

ጮክ ብላችሁ አንብቡት

አማርኛ ተረት ለጆሮ ነው የተሠራው። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ሲተርቱልን እንስሳቱን በየድምፃቸው ነበር የሚያመጧቸው፣ ልብ ብላችሁ ብትሰሟቸው ግን ትልቁ ችሎታቸው ዝም ማለታቸው ላይ ነው፣ የሚያስፈራው ቦታ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። ጽሑፋችሁም ላይ ያን ቦታ አዘጋጁ፣ አደጋው ሲቀርብ አረፍተ ነገሩ ይጠር፣ መንገዱ ላይ ሲሆን ይርዘም። ስታነቡት ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ቦታ ካለ ወይ ሆን ብላችሁ ነው ወይ መቆረጥ አለበት። የልጅቷን ንግግር ደግሞ እንደ ልጅ አስቀምጡት፣ ዘጠኝ ዓመት ልጅ «ፍርሃቴን ማሸነፍ አለብኝ» አትልም፣ «እግሬ እምቢ አለኝ» ነው የምትለው።

የሚያስተምር አረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ መጨመር ያምራችኋል፣ ስለዚህ ልጆች ምናምን የሚል። ተዉት። እኛ ጥሩ መዝጊያ አለን፣ ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ፣ እና እሱን እንዳለ ሥራ ላይ አውሉት፣ በእውነት ልጁ ተረቱን እንዲመልስላችሁ አድርጉ። እሱ ሲተርተው ዝም ብላችሁ አዳምጡ፣ አታርሙት፣ ከቻላችሁ ሪከርድ አድርጉት። የዘለለው ቦታ የተንዛዛ ነው፣ ቁረጡት። ያጣደፈው ቦታ ያላመነው ነው፣ እንደገና ጻፉት። ከራሱ የጨመረው ነገር ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከናንተ ይሻላልና ውሰዱት። የእህቴ ልጅ ሲመልስልኝ ጥሩዬ የመጨረሻውን ስም ጠርታ ስትጨርስ ኪሷ ውስጥ አንድ ቆሎ ተርፏት ለሳቀው ልጅ ሰጠችው አለ፣ «ቆሎ» ሲል የ«ቆ»ን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ነው ያወጣት፣ በስልኩ ውስጥ ከኋላው የአጎቱ ልጆች ነበሩ።